የኦጎልቾው ኮርቻ

ፈረሱ ቦራ ጆንያ ተጭኖበት መቆም ከለመደ በኋላ የቀረው ኮርቻ ብቻ ነበር። ፈናን ጉደታ ወሩን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከግቢው ጀርባ አስራ ስትዳብሰው፣ ባዶ ጆንያ ወገቡ ላይ ጣል እያደረገች ስታነሳ ከርማለች። መጀመሪያ እንደ እባብ ያስደነበረው ጆንያ አሁን ጭድ ተሞልቶ ሲጫንበት እንኳ ሣሩን መጋጡን አያቋርጥም። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው፤ ገና አራተኛ ዓመቱን መያዙ ነው፣ ጀርባው ላይ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

ቤታቸው ከአሰላ ከተማ ወደ ጭላሎ ተራራ ሲወጣ፣ ባጃጅ ከሚደርስበት አልፎ ነው። ዝናብ ከጣለ መንገዱን ጭቃ ስለሚውጠው ማሳውም፣ ገበያውም፣ የእሁድ ጉባኤውም ያለ ፈረስ አይታሰብም። የቦራ እናት ደግሞ አርጅታለች፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።

አባቷ አቶ ጉደታ በጉልምስናቸው የኮርቻ እንጨት ራሳቸው ጠርበው፣ ቆዳውን ራሳቸው ወጥረው የሚጭኑ ፈረሰኛ ነበሩ። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪም ይነሳልዎታል ቢላቸውም "ከእንግዲህ ምን ልይበት ብዬ" ብለው ትተውታል። እንዲህ ማለት የጀመሩት ልጃቸው ገላና ከሞተ ወዲህ ነው።

ገላና የፈናን ታላቅ ወንድም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሊሞሸር ሽር ጉድ ሲባል፣ አንድ ጠዋት የቦራን እናት፣ የዛሬዋን አሮጊት ዳማ፣ ጭኖ ወደ ቆላ ወረደ። በማግስቱ ዳማዋ ብቻዋን መጣች፤ ልጓሟ ተበጥሷል፣ ኮርቻ የለባትም፣ እስከ ጆሮዋ ጭቃ ነች። የበልጉ ዝናብ በርትቶ ቀታር ወንዝ ሞልቶ ነበር። የአካባቢው ወንድ ዘንግ እየያዘ የወንዙን ዳር ለዳር አሰሰ፤ የተገኘ ነገር የለም። ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ። እናቷ ወይዘሮ አጸደ ግን ሬሳ ሳያዩ ልጅ መሸኘት አልሆነላቸውም። በሩን ሳይቀረቅሩ እያደሩ፣ እህል እምቢ እያላቸው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተከተሉት። ፈናን ያኔ አሰላ የመምህራን ኮሌጅ ትማር ነበር። ለወንድሟ ለቅሶ የወጣች ወደ ኮሌጁ አልተመለሰችም። እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ ከዚያ አባቷን ይዛ ማረሱን፣ ማሳረሱን፣ ከብቱን ተያያዘችው። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሄደ።

"ለጀማሪ ፈረስ የመጀመሪያው ኮርቻ እንደ ጡት ማስጣያ ምግብ ነው፤ ከጎረበጠው ዕድሜ ልኩን ይጠላዋል" አሏት አባቷ፣ አጥሩን ተደግፈው። "ጫንቃው እንዴት ነው?"

"ገና አልሞላም፤ ጀርባው ግን ሰፊ ነው። እንደ እናቱ ሹል አይደለም።"

"እንግዲያው ቀላል ኮርቻ ነው የሚሻለው። ግራና ቀኙ ሥጋው ላይ ይረፍ፣ መሐሉ አከርካሪውን አይንካ። ቃጭልና ጌጥ የሚባል ነገር እንዳታመጪበት፤ ከጀርባው የሚንኳኳ ነገር ከሰማ ገደል ይገባልሻል።"

አሰላ ገበያ ያሉትን ኮርቻዎች አዩ። ያማሩ ነበሩ፤ ቀይ ከፈይ የለበሱ፣ በነጭ ሽቦ የተንቆጠቆጡ፣ ለሠርግና ለጉግስ የሚሆኑ። አቶ ጉደታ እያንዳንዱን አንስተው መዘኑና "ይሄ ለፈረስ ሳይሆን ለፎቶ ነው" እያሉ አስቀመጡ። ሁሩታ ሄደው ደግሞ አንድ ቀለል ያለ አገኙ፤ ሲገለብጡት ግን የውስጡ እንጨት ተሰንጥቆ በሚስማር ተያይዟል። ሻጩን አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩት ትተውለት ወጡ። እዚያው ሻይ ቤት የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ነው፣ "ቆላ ውረዱ፣ ኦጎልቾ። የቆላ ሰው ከብት የሚከተልበት ኮርቻ ቀላልና ልሙጥ ነው" ያላቸው።

ኦጎልቾ የሚለውን ስም ቤታቸው ውስጥ ያነሳ አልነበረም። ገላና ሲወጣ የሄደበት አቅጣጫ ነው። ፈናን የአባቷን ፊት አየች፤ አባቷ ግን "እንግዲህ ፈረሱ አይጠብቀንም" አሉ።

በገበያው ቀን ማልደው ወረዱ። ሚኒባሱ ከደጋው ቅዝቃዜ አውርዶ አቧራና ሙቀት ውስጥ ጣላቸው። ገበያው መሐል በቲማቲምና በሽንኩርት ተጨናንቋል፤ የእንስሳ ዕቃ የሚሸጠው ከዳር፣ ግራሮቹ ሥር ነው። ፈናን የአባቷን ክንድ ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረቻቸው። እውነትም ነጋዴው አልዋሸም፤ ኮርቻዎቹ ቀላል ናቸው። አንዱን ወደውት ቆዳው ስላልለፋላቸው በይደር ትተውት ሲያልፉ፣ መጨረሻ ላይ ሻሽ ያሰረች አንዲት ወጣት ሴት አሮጌ ኮርቻ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ አስቀምጣ አገኙ። ነጋዴ አትመስልም። የሚያልፈውን ሰው በስሱ ታያለች እንጂ አትጣራም።

"ይሄ አሮጌ ነው፣ ግን እንጨቱ ጥሩ ነው" አለች፣ ሽማግሌው ሲጎነበሱ አይታ። "ፈረሳችን ሞተ፤ እቤት አይጥ እየበላው ነው።"

አቶ ጉደታ ኮርቻውን አንስተው መዘኑት። ከዚያ ገልብጠው እጃቸውን ከፊተኛው ቅስት ሥር አስገቡ። እንደ ወትሮው ሁለቱን ወገን ዳብሰው፣ አንኳኩተው ያወጡታል ብላ ፈናን ስትጠብቅ እጃቸው እዚያው ቆመ።

"አባባ? ምን ሆኑ?"

ጣታቸው ከቅስቱ ወጥቶ በቀስታ የመቀመጫውን ጠርዝ ተከተለ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"ፈናን" አሉ በማታውቀው ድምፅ፣ "እዚህ ጋ የተሰፋበት ክር ምን ዓይነት ነው?"

ጎንበስ ብላ አየች። ቆዳው አንድ ጊዜ ተቀዶ በሹራብ ክር ተሰፍቷል። ቀይ የነበረ ክር ነው፤ ከአቧራና ከላብ ብዛት ጠቁሯል፣ ግን ከስፌቱ እጥፍ ውስጥ ቀይነቱ አልለቀቀም። ስፌቱ እየተሻገረ፣ እየተመለሰ፣ ጫፉ ላይ ሁለቴ ተቋጥሮ ያልቃል። እናቷ ካልሲ ስትጠቅምም፣ ብርድ ልብስ ስትጠቅምም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ ቋጠሮውን ከቋጠረች በኋላ ትነክሰው ነበር።

የገበያው ጫጫታ ከጆሮዋ ጠፋ። ከረጢቱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ይሄ እኔ የጠረብኩት ነው" አሉ አቶ ጉደታ። "ለዳማዋ። ጫንቃዋ ሹል ስለሆነ እዚህ ጋ በቢላ ለይቼ አጥብቤዋለሁ።"

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ፈናንን አየች። "አባቴ፣ እኔ የሰረቅኩት ነገር የለም። የባሌ ነው። ሳልነግረው ነው ያወጣሁት፤ አትሽጪ እያለ ስላስቸገረኝ።"

"ሰረቅሽ አላልኩም፣ ልጄ። ባልሽ ከየት አገኘው?" ኮርቻውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። "ከወንዝ ዳር ነው? ወንዙ አውጥቶት ነው ያገኘው?"

"እንጃ። ስንጋባ ይዞት ነው የመጣው።"

ፈናን የሴትዮዋን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። ለምን እንደያዘችው አታውቅም። "ባልሽ ማን ይባላል?"

"አባ ፈናን ነው የምንለው" አለች ሴትዮዋ። "በሴት ልጃችን ስም።"

ፈናን መጀመሪያ ስሟ የተጠራ መስሏት "አቤት" ልትል ነበር። ከዚያ ቃሉ ገባት። ወደ አባቷ ቀና ብላ አየች፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ፈናን የሚባል ሰው በአርሲ ምድር አንድ ብቻ አይደለም፤ ልትል የፈለገችው ይህንን ነበር።

"ቤታችሁ ሩቅ ነው?" አሉ አቶ ጉደታ በመጨረሻ።

ሴትዮዋ ሀሊሜ ትባላለች። የሽማግሌው ሁኔታ አስፈርቷት፣ ውኃ ካልጠጡ ብላ ኮርቻውን ጠቅልላ ከፊት ሆነች። በባጃጅ ከከተማው ወጥተው በመስኖ ቦይ ዳር ሄዱ። አቶ ጉደታ ኮርቻውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ፈናን መንገዱን ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሰውየው ሌላ ሰው ይሁን። ኮርቻውን ከጎርፍ ጭቃ ያወጣ ቆለኛ ገበሬ ይሁን። ወንድሟ በሕይወት እንዲኖር ዘጠኝ ዓመት ስትመኝ ኖራ አሁን መሞቱን እየለመነች መሆኑን ስታውቅ በራሷ ደነገጠች።

ግቢው ቆርቆሮ ቤት፣ የቲማቲም ሳጥኖችና አንድ የተፈታ የውኃ ሞተር ያለበት ነው። ሀሊሜ በሩ ላይ ሆና "ፈናን! ኮቱ፣ ነይ! እንግዳ መጥቷል!" ስትል አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ እየሮጠች መጣች። ልጅቷ ቆም ብላ እንግዶቹን አየች። የላይኛው ከንፈሯ ትንሽ ሰብሰብ ያለ ነው፣ ግንባሯ ሰፊ። ፈናን የራሷን የልጅነት ፎቶግራፍ ያየች መሰላት። ወይም የእናቷን ፊት።

ከቤቱ ጀርባ "ሀሊሜ፣ መጣሽ እንዴ? ቱቦውን ያዢልኝ እስቲ" የሚል የወንድ ድምፅ ተሰማ።

አቶ ጉደታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለዚያ ድምፅ ማየት አላስፈለጋቸውም።

ሰውየው የተጠቀለለ የፕላስቲክ ቱቦ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ብቅ አለ። ወፍሯል፣ ጢም አሳድጓል፣ ግራ እግሩን ሲረግጥ ጣል የሚያደርጋት ነገር ግን አልተለወጠችም። መጀመሪያ ያየው ኮርቻውን ነው። ከዚያ ኮርቻውን ያቀፉትን እጆች። ቱቦው ከትከሻው ተንሸራቶ መሬት ላይ ተዘረጋ። አልጮኸም፣ አልሮጠም። እዚያው ቆሞ ቀረ።

"አባባ" አለ።

ፈናን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስታስበው፣ በዚያች ቅጽበት አባቷ ሊመቱት ነው ብላ ነበር። ወይም ደረታቸውን ይዘው ሊወድቁ። አቶ ጉደታ ግን ኮርቻውን ለሷ አቀብለው፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው በአየር ላይ እየፈለጉ ሄዱ። ፊቱን አገኙት። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጢሙን፣ ጆሮውን ዳበሱ። ከዚያ በጉልበታቸው ወድቀው፣ "ጌታ ሆይ ተመስገን! ልጄ አለ! ተመስገን! ልጄ አለ!" እያሉ ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኹ። ገላናም አብሯቸው ወደቀና ተቃቀፉ። አባትና ልጅ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ፈናን ኮርቻውን ይዛ ቆመች። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም።

ሀሊሜ ወደሷ ዞረች። "ምንድን ነው? ማናቸው?"

"አባቱ ናቸው" አለች ፈናን። "እኔ ደግሞ እህቱ።"

"አባት የለውም" አለች ሀሊሜ። "ባሌ ዘመድ የሌለው ነው። ከባሌ አገር የመጣሁ፣ ያለ ወላጅ ያደግኩ ነኝ ብሎ ነው ያገባኝ። አባቴ አዝኖለት ነው የሰጠኝ።" ለራሷ የምታስረዳ ይመስል ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ከዚያ ልጇን በክንዷ ጎትታ ወደ ሰውነቷ አስጠጋቻት።

ቆይተው ቤት ገቡ። ውኃ ተጠጣ። ገላና አባቱ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

"ለሊሴን አልፈልግም ማለት አቅቶኝ ነው" አለ። ለሊሴ ያኔ የታጨችለት ልጅ ናት። "እርስዎ ቃል ሰጥተዋል፣ በሬው ተገዝቷል፣ ሰው ተጠርቷል። ጥቂት ቀን ልሰወርና የሠርጉ ቀን ይለፍ አልኩ። ከዚያ መጥቼ እገረፋለሁ ብዬ ነበር። ወንዙን ተሻግሬ ዳማዋን ላሳርፋት ኮርቻውን አወረድኩላት። ነጎድጓድ ሲጮኽ በርግጋ ልጓሙን በጥሳ ገባችበት፤ ስትሻገር አየኋት። እኔ ኮርቻውን ተሸክሜ ወደዚህ መጣሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ገበያ መሐል ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፤ ከደጋ የመጣ አንድ ጎረምሳ ወንዝ በላው ይላሉ። እኔን ነው።"

"ታዲያ?" አለች ፈናን። ከገባች ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያዋ ቃል ነች።

"ልመለስ ወጣሁ። እቤት ድረስ መጣሁ፣ ፈናን። ከላይ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ቆሜ ድንኳኑን አየሁት። ሰው ግቢውን ሞልቶታል። እማዬ ስሜን እየጠራች ስትጮህ ይሰማኛል። ወርጄ 'አለሁ' ልል እግሬን አነሳሁ። ከዚያ..." አፉን በእጁ መዳፍ አበሰ። "ሠርግ ሸሽቼ ነው ልበላቸው? ያን ሁሉ ሰው? ነገ እመጣለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ደግሞ ባሰብኝ። ዓመት ሲሞላው ጭራሽ የማይቻል ሆነ።"

"ድንኳኑን አይተህ ተመለስክ" አለች ፈናን።

"አዎ።"

"እማዬ ስትጮህ እየሰማህ።"

ገላና ቀና ብሎ፣ ከመጡ ጀምሮ ልቡ ውስጥ ታፍኖ የቆየውን ጥያቄ ጠየቀ። "እማዬ እንዴት ናት? ለምን አልመጣችም? እግሯን አሟት ነው?"

አቶ ጉደታ አንገታቸውን ደፉ። ፈናን ለወንድሟ የምትሰጠው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት ቁጣ ጋር ልትወረውረው አፏን ከፈተች። ሲወጣ ግን ድምፅዋ ቁልቁል ወረደ።

"እማዬ የለችም፣ ገላና። ካንተ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየችም። በሩን ክፍት አድርጋ ነበር የምታድረው፤ ማታ ቢመጣ አያንኳኳ እያለች።"

ገላና ከተቀመጠበት እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ ተንጋለለ፣ ግድግዳው ያዘው። ትንሿ ፈናን አባቷን አይታ ማልቀስ ጀመረች።

ፈናን ተነስታ ወጣች። ደጅ ላይ ሀሊሜ ያን አሮጌ ኮርቻ መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀምጣበታለች። ፈናን አጠገቧ ተቀመጠች።

"ስተኛ የኖርኩት ከማን ጋር ነው?" አለች ሀሊሜ።

"እኔም አላውቅም" አለች ፈናን። "እኔ የማውቀው ወንድሜ ሞቷል።"

ሀሊሜ ሻሿን አውልቃ ፊቷን ጠረገችበት። "አንቺ ስምሽ ፈናን ነው አይደል? ልጅቷ ስትወለድ እናቴ ሌላ ስም ልታወጣ ስትል እምቢ አለ። በሕይወቱ በእንዲህ ያለ ነገር ሲከራከር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።"

ፈናን ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ይሆን ብላ አሰበች። ያናደዳት ግን ይኸው ነው። ስሟን ወስዶ እዚህ ሲያሳድግ፣ እሷ እዚያ ማዶ ሆና ስትሸብት ነው የኖረችው። አባቷ ከውስጥ አሁንም "ተመስገን" ይላሉ። ወንድሟ ከመዋሸቱ ይልቅ አባቷ ይህን ያህል ቶሎ መደሰታቸው አስደነገጣት። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆጡት! እሷ ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ስትኖር እንዲህ ሲጮኹ ሰምታቸው አታውቅም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ደጋ ተመለሱ። ሚኒባስ ውስጥ አባቷ እጇን ያዙ። "ልጄ፣ አንቺ የምታስቢውን አላጣሁትም" አሏት። "ቁጣው ይመጣል። ያን ወንዝ ዳር በዘንግ ስፈልግ ጓደኞቼ በጎርፍ ሊወሰዱብኝ እንደነበር አልረሳሁም። እናትሽንም አልረሳሁም። ግን ዛሬ ፊቱን በእጄ ነካሁት። ዛሬ ሌላ ነገር አልችልም።"

እጇን አላስለቀቀቻቸውም።

ገላና የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ሀሊሜንና ልጁን ይዞ መጣ፤ ሀሊሜ መምጣቷ ራሱ ፈናንን አስገርሟታል። መንደሩ አስቀድሞ ተነግሮት እንኳ አላመነም ነበር። መንገድ ላይ ያዩት አዛውንት ሴት "በኢየሱስ ስም!" ብለው ተመልሰው ቤታቸው ገብተው በሩን ቀረቀሩ። ለለቅሶው ድንኳን የተሸከሙት ወንዶች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው እጁን መጨበጥ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው ሳይገባቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። የጉባኤው ሽማግሌ አቶ ዕዝራ ጸሎት ጀምረው፣ መሐል ላይ ቃል ጠፍቷቸው አቋረጡ። ገላና የእናቱ መቃብር ላይ ተደፍቶ ሲውል ደፍሮ ያነሳው የለም።

ለሊሴ ሳይቀር መጣች። ዛሬ ባለ ትዳርና የልጆች እናት ናት። ገላና ፊት ቆማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"እምቢ ብትለኝ ኖሮ በሳምንት እረሳህ ነበር" አለችው። "ይኸውልህ፤ ስንት ዓመት ጥቁር ያስለበስከኝ እምቢ ማለት ፈርተህ ነው።" ሌላ አልጨመረችም። አቶ ጉደታን ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

ያ አሮጌ ኮርቻ ግቢው ውስጥ ነው። ገላና ሲመጣ ይዞት ነበር። "ለቦራ ይሁን፣ የአባባ ሥራ ነው" አለ፣ የፈናንን ፊት እየሸሸ። ፈናን ለአባቷ ስትል ብቻ ወስዳ የቦራ ጀርባ ላይ አስቀመጠችው። ፈረሱ ወዲያው ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። እጇን ከሥር ስታስገባ የፊቱ ቅስት የቦራን ሰፊ ጫንቃ ከሁለት ወገን ቆንጥጦ ይዞታል። ለእናቱ ሹል ጀርባ የተጠረበ ነው።

"አይሆነውም" አለች አውርዳ። "ጫንቃውን ይበላዋል።"

"የእማዬ ስፌት አለበት እኮ" አለ ገላና።

"የእማዬ ስፌት ስላለበት ፈረስ አላቆስልም።"

ኮርቻ የላከችላት ሀሊሜ ነበረች። ወደ ኦጎልቾ ከተመለሰች በኋላ ያኔ በይደር ትተውት የሄዱትን ልሙጥ ኮርቻ፣ አቶ ጉደታ በነገሯት ምልክት ሻጩን አፈላልጋ አገኘችው፤ ቆዳውን በቅቤ አልፍታ በሚኒባስ ላከችው። መልእክቱን በስልክ ነገረቻት። "ላንቺ ነው፤ ለሱ ብዬ አይደለም" አለቻት። "እኔ ገና ከሱ ጋር አልተነጋገርኩም። ለይቼ አስተኝቼዋለሁ።"

ፈናን ከኦጎልቾ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

የኦጎልቾው ኮርቻ ቦራ ላይ ሲቀመጥ እንደ ገዛ ቆዳው ዝም አለለት። ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አነጠፈችለት፤ ጠፍሩን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ላላ አድርጋ አስራ፣ ጥቂት አዙራው፣ ደግሞ ትንሽ ጠበቅ አደረገችው። እርካቡ ጎኑን እየመታ እንዳያስደነብረው ፈታ አስቀመጠችው። እንዲህ እያደረገች ሰነበተች። ልትወጣበት በቆረጠችበት ጠዋት ገላና ከቆላ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። የፈረሱን አፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል፤ አባቷ ደግሞ አያዩም። ሳትጠራው መጥቶ የቦራን ልጓም ያዘ። ፈረሶች ድሮም ይወዱት ነበር፤ ቦራም አንገቱን ወደ ደረቱ ጣለለት። ይህም አናደዳት።

ግንድ ላይ ቆማ በሆዷ ተኛችበት፤ ከዚያ እግሯን አሻግራ ተቀመጠች። ቦራ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ረገጠ፣ ቆመ። ገላና በሹክሹክታ ለፈረሱ ያወራለታል። አቶ ጉደታ ከአጥሩ ማዶ ጆሯቸውን አዘንብለዋል።

"ወጣች?" አሉ።

"ወጥታለች፣ አባባ" አለ ገላና። "ቀጥ ብሎ ቆሟል።"

ግቢውን ዞሩ። ገላና ከፊት፣ ቦራ ከኋላ፣ እሷ ከላይ። ከላይ ሆና ስታየው የወንድሟ አናት መሐሉ ላይ ሳስቷል፤ ሽበትም አለው። ፀሐይዋ እስክትጠነክር ዞሩና ወረደች። ኮርቻውን አንስታ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። ላቡ የወጣው በግራም በቀኝም እኩል ነው፣ አከርካሪው መሐል ላይ ደረቅ መስመር ቀርቷል። የቆሰለ፣ ያበጠ፣ ጸጉሩ የተገለበጠ ቦታ የለም። በመዳፏ አረጋገጠች። ገላናም በሌላው ወገን ሆኖ ይዳብሳል፤ እጃቸው የፈረሱ ጀርባ ላይ ሊገናኝ ሲል ሁለቱም ሰበሰቡ።

"ጥሩ ነው" አለ።

"ጥሩ ነው" አለች።

ውኃ ለቦራ ልትቀዳ ባልዲውን አነሳች። ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ ሳትዞር፣ "የሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ልጅቷን አምጣት" አለችው። "ከዳማዋ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ እሷ አትጥላትም።"

ገላና የቦራን ግንባር እየዳበሰ ቀረ።